የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ፦ አንድ ገጽ ብቻ ይዘሽ ግቢ

መምህርት፣ ጥያቄሽን አየሁት። አራዳ ክፍለ ከተማ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምሪያለሽ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ስለ አገራችን የቆዩ ጋዜጦችና ፎቶዎች እንዳሉ ሰምተሻል። ክፍልሽ ውስጥ ግን ኢንተርኔት የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ደወሉም ቶሎ ይደወላል። «ከምን ልጀምር? ነጥብስ እንዴት ልስጥ?» ነው ያልሽው። እኔም የማስተምረው እዚሁ ፒያሳና አራት ኪሎ መካከል ስለሆነ ችግርሽን አውቀዋለሁ። ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

«ሊንኩን በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ራሳቸው ይፈልጉ» የሚሉሽን አትስሚ። ተማሪው ከፍቶት የእንግሊዝኛውን ብዛት ያይና ወደ ቲክቶክ ይመለሳል። ደግሞስ የማን ፓኬጅ ነው የሚያልቀው? ድረ ገጹ ውስጥ የምትገቢው አንቺ ነሽ። ተማሪው እጅ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ አንድ የጋዜጣ ገጽ ወይም አንድ ፎቶ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከዚያ በላይ አታስገቢ።

በዓድዋ ልጀምርልሽ፤ ብዙ የሠራሁበት እሱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» የሚባል የድሮ ጋዜጦች ስብስብ አለው፤ በነፃ ነው። የ1896 ማርች የኒውዮርክም የሳን ፍራንሲስኮም ጋዜጦች እዚያ አሉ። በቃል ስትፈልጊ በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያ» (Abyssinia) ብለሽ ጻፊ፤ የዚያን ዘመን ጋዜጣ አገራችንን የሚጠራው በአብዛኛው በዚያ ስም ነው። የምኒልክንና የዓድዋንም ስም እያንዳንዱ እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። የደበዘዘውን ህትመት የሚያነበው ደግሞ ማሽን ነው፣ ብዙ ያመልጠዋል። ስለዚህ በቃል ከመፈለግ ይልቅ ከማርች 2 እስከ 10 ብለሽ ቀኑን ወስኚና የፊት ገጾቹን አገላብጪ።

ቀን ካነሳን አይቀር አንድ ጎበዝ ተማሪ መጠየቁ አይቀርም፦ «ጋዜጣው ጦርነቱ እሑድ ማርች 1 ነበር ይላል፤ እኛ በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 አይደል እንዴ?» ሁለቱም ልክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ ግን 1900ን ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት) ሳያደርጉት አለፉ፤ የእኛ አቆጣጠር አልዘለለም። በዚህ ምክንያት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ይህችን ነገር ሰሌዳ ላይ ስታሰሊው ከኋላ የተኛው ሁሉ ቀና ይላል። የሒሳብ መምህሩንም አብረሽ ብታስገቢው ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ገጹ። ክፍሉን በቡድን ክፈይ። ለአንዱ ቡድን የማርች 3ን፣ ለሌላው የማርች 4ን፣ ለሌላው የማርች 5ን ዜና ስጪ። ሙሉ ገጹን አይደለም፤ ርዕሱንና ከሥሩ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ቆርጠሽ አሳድጊው። የታሪክ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው ያን ያህል አያስፈራቸውም። ከበድ ያሉትን ቃላት ከግርጌ በአማርኛ ጻፊላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ዜናው የተላከው ከየት ነው? ልጆቹ ከዜናው አናት ላይ የከተማውን ስም ይፈልጋሉ። ሮም ይላል። ውጊያው ዓድዋ፣ ዜናው ከሮም! ወሬው በምፅዋ በኩል በቴሌግራፍ ሮም ገብቶ፣ የጣሊያን ባለሥልጣን የፈቀደውን ያህል ተነግሮ ነው አትላንቲክን የተሻገረው። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስንት ሰው ሞተ ይላል? እዚህ ላይ ቡድኖቹ እርስ በርስ መከራከር ይጀምራሉ፤ የአንዱ ቀን ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምምና። ሦስተኛው፦ ገጹ ላይ የተናገረ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ?

ክፍሉ ሲሞቅ ያኔ ዝም በይ። መምህር ስንባል ዝም ማለት ይከብደናል፤ እዚህ ላይ ግን ግድ ነው።

ገጾቹ ላይ የሚያናድድ አነጋገርም ታገኛለሽ። ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚጽፉበት ቋንቋ የዚያ ዘመን ነው። ሽንፈቱን በጣሊያኑ ጦር አዛዥ በጄኔራል ባራቲዬሪ ስህተት፣ በተራራው፣ በሠራዊታችን ብዛት ለማስረዳት ይጥራሉ፤ የኢትዮጵያ መሪዎች ብልሃት ብዙም አይታያቸውም። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች «እንዲህ ያለ የፈረንጅ ወረቀት ለልጆች አይሰጥም፣ ታሪካችንን ያጣምማል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ በየቀኑ ከዚህ የባሰ ያነባል። መጣመሙን በገዛ ዓይኑ ካላየው መቼ ሊማር ነው? ብቻውን ግን አትስጪው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል ስለ ዓድዋ ከሚተርክበት አንድ አንቀጽ አምጪና እንደ ጋዜጣው ሁሉ እሱንም ጠይቂው። የጻፈው ማነው? ለማን ብሎ ጻፈ? ምን አስቀረ? ቤተ መንግሥት የነበረ ጸሐፊም የራሱ ጌታ አለው። ለፈረንጁ ብቻ የሚሠራ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም።

ለፎቶ ደግሞ የማትሰን ስብስብ የሚባለውን ፈልጊ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ያነሱት ነው፤ አሁን ያለው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ሐይፋ ሲደርሱና ኢየሩሳሌም ሲገቡ የተነሱ ፎቶዎች አሉበት። የመማሪያ መጽሐፉ «ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ» ብሎ ያልፈዋል። ፎቶው ግን አያልፈውም። መግለጫውን ሸፍነሽ ስጫቸውና ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ክፈይ፦ ምን አያለሁ? ምን ይመስለኛል? ምን ልጠይቅ? ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ለመምህራን ያዘጋጀው ቅጽ አለው፣ እዚያው ታገኚዋለሽ። ተማሪ ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ሁለተኛው ነው። «አዝነዋል» ይልሻል። «ማዘናቸውን ምኑ ላይ አየህ?» ብለሽ ወደ መጀመሪያው መልሺው። እዚህ መመላለስ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው፤ አትቸኩዪ። ከዚያ መግለጫውን ገልጠሽ ወደ ሰኔ 23 ቀን 1928ቱ የጄኔቭ ንግግር መሸጋገር ቀላል ነው።

የሌሎች አገሮችንም በአጭሩ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ «ጋሊካ» ጥሩ ነው። «ለ ፕቲ ዡርናል» የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በፈረንጅ 1898 ምኒልክን ዓድዋ ላይ አድርጎ ያወጣው ባለቀለም ሥዕል አለ፤ ከእኛ ባህላዊ የዓድዋ ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጪው። በእኛ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ አለ፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ይለቅሙታል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አሉት። ስለ ዝርፊያና ስለ ማስመለስ ለመከራከር የተመቸ ነው። ግን በ2023 ኦክቶበር በሳይበር ጥቃት ድረ ገጹ ወድቆ፣ በዲጂታል የተቀመጡት ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ሳይገኙ ቆይተዋል። ስለዚህ የወደድሽውን ዛሬውኑ አውርጂና ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ነገ አገኘዋለሁ አይባልም።

ስታወርጂ «ቲፍ» (TIFF) የሚለውን ትልቁን የምስል ፋይል አትንኪ፤ ፓኬጅሽን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። አነስ ያለው «ጄፔግ» (JPEG) ለክፍል ከበቂ በላይ ነው። ዳታ ከሌለሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ አውርጂ፤ ለእኛ ቅርብ ነው። ፕላዝማውን (የክፍሉን ቴሌቪዥን) እርሺው፣ ቢሠራም መብራት ይሄዳል። ኮፒ ቤት ሄደሽ ለየቡድኑ አንድ አንድ በትልቁ ወረቀት (ኤ ስሪ) አሳትሚና በፕላስቲክ አስለብጪው። ሳይቀደድ ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆንሻል።

የራሳችንንም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርን፣ አትርሺ። የድሮ አማርኛ ጋዜጣ የምታገኚው እዚያ ነው። በስልክ ከቤት የሚያልቅ ጉዳይ ግን አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ በአካል ሂጂ። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አጠገባችን ነው። ልጆቹን የምትወስጂው ግን ጋዜጦቹን ካነበቡ በኋላ ይሁን። ቀድመው ከሄዱ ሰልፊ ተነስተው ይመለሳሉ።

«ምዕራፍ አይሸፈንም» የሚለው የርዕሰ መምህሩ ስጋት እውነት ነው፤ ብሔራዊ ፈተና አለ። በሴሚስተር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። የቀረውን በተለመደው መንገድ አስተምሪ፣ ማንም አይወቅስሽም። ነጥብ አሰጣጡን ለጠየቅሽው፦ ፈተናሽ ላይ ክፍል ውስጥ ያላዩትን አራት መስመር የጋዜጣ ጽሑፍ አስገቢና ከየት እንደተላከ፣ ማን እንደተናገረበት፣ ምን እንደጎደለው ጠይቂ። ከአሥሩ ነጥብ አራቱን ለመጨረሻው ጥያቄ ስጪ፤ እሱን ከጓደኛ መኮረጅ ይከብዳል።