ካምቢዮውን ከማውረዳችሁ በፊት

በጥገና ሙያ ገና እግራችሁን ለተከላችሁ ልጆቼ፣

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ጉልበተኛ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አቤቱታው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «በዝግታ ስነዳው ምንም አይል፣ እስከ ታች ስረግጠው ግን ማርሽ ለመቀየር ይለግማል» ይላችኋል። ይህን ስትሰሙ እጃችሁ ወደ ቁልፉ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ የእኔም ይሮጥ ነበር።

እንዲህ ያለ መኪና መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሁለት ቀን ለፍቼ ካምቢዮውን አወረድሁ፣ ፈታሁት፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ማርሹን የሚይዙትን የፍሪሲዮን ዲስኮችም አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደረደርሁ። አንዱም አልተቃጠለም፤ በመካከላቸው ያሉት የብረት ዲስኮችም አልጠቆሩም። ጥፋቱ የኤሌክትሪክ መሰኪያው በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ጎሚኒው ደርቆ ዘይት ያልብ ኖሮ አንድ ሊትር ያህል ጎድሏል። መኪናው በኃይል ሲወነጨፍ የቀረው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሽና ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ አየር የገባበት ዘይት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ስለሚታመቅ ዲስኮቹን አጥብቆ የሚይዝ ግፊት አይወጣውም። በዝግታ ሲነዳ ዘይቱ በቦታው ስለሚተኛ ችግሩ ይሰወራል። ጎኑን በባትሪ ብርሃን ባየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ የማገኘው ነገር ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናውን ነድታችሁ የሞተሩን ፍጥነት የሚያሳየውን የዙር ቆጣሪ መርፌ እንድታዩ እለምናችኋለሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር አንዱ የዲስክ ስብስብ እየለቀቀ ሌላው እየያዘ ነው፤ ደህና በሆነ ዘመናዊ ካምቢዮ ይህ ልውውጥ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መርፌው በለውጡ መካከል ወደ ላይ ከዘለለ የሚይዘው ስብስብ ዘግይቷል ወይም ያንሸራትታል፤ መኪናው ለቅጽበት እንደ ታሰረ ከተሰማችሁ ደግሞ የሚለቀው ዘግይቷል። ነገር ግን መርፌው ራሱ ገና ከመነሻው እየተጎተተ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮውን ተዉት፤ ሞተሩ ነው የዘገየው፣ ምናልባትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። ባለንብረቱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል «ለገመ» ይላቸዋል፣ በዚህም አልወቅሰውም፤ መለየት የእኛ ሥራ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ካምቢዮው የሞተሩን ጉልበት ራሱ እንደማይለካ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር አይቶ ጉልበቱን ያሰላል፣ የካምቢዮው ኮምፒውተርም በተነገረው ልክ የዘይቱን ግፊት ይወስናል፤ በለውጡም ቅጽበት ሞተሩ የእሳቱን (የካንዴላውን ብልጭታ) ጊዜ አዘግይቶ ጉልበቱን እንዲቀንስለት ይጠይቃል። የአየር መለኪያው ሴንሰር ከቆሸሸ፣ ወይም ባለንብረቱ ጉልበት ልጨምር ብሎ የሞተሩን ፕሮግራም አስቀይሮ ከነበረ፣ የሚነገረው ቁጥርና በዲስኮቹ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይለያያሉ፤ ካምቢዮውም ለቀላል ሸክም የሚበቃ ግፊት ይዞ ከባድ ሸክም ይገጥመዋል። ፕሮግራም ማስቀየሩን ሳትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ስትጠይቁትም በሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያምነው።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልጨምር። «ዕድሜ ልክ የማይቀየር» የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም። ለብዙ ፈጣን መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ራሱ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል፤ ኃይል እየተጠየቀ የሚነዳ መኪና ዘይቱን በሙቀት ስለሚያደክመው ወደ ታችኛው ቁጥር መጠጋት አለበት። ከዘይቱ በኋላ የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሶሌኖይዶች፣ ዘይቱን ወደ ዲስኮቹ የሚያከፋፍለውም የቫልቭ ቤት ይመረመራሉ። ካምቢዮው በመንዳት የተማረውን ማስተካከያ በስካነር ደምስሳችሁ ብቻ መኪናውን ለባለቤቱ አታስረክቡ፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ነድታችሁ ዳግመኛ ካላስተማራችሁት ከበፊቱ ብሶ ሊቀይር ይችላል።

ያን የመጀመሪያውን መኪና መልሼ ስገጥም የቀየርሁት ጎሚኒውን ብቻ ነበር። ዘይቱንም ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱን መመሪያው ባዘዘው ልክ ጠብቄ፣ ከመሙያው ቀዳዳ በቀጭኑ እስኪፈስ ሞላሁት። ከዚያ ባለቤቱን ከጎኔ አስቀምጬ እስከ ታች ረገጥሁት፤ መርፌው ወጣ፣ አንዴ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ሰውየው ደስ ብሎት ካምቢዮው ውስጥ ምን እንደ ተበላሸ ሲጠይቀኝ ውስጡ ምንም እንዳልነበረ ነገርሁትና የጎሚኒውንና የዘይቱን ዋጋ ብቻ ተቀበልሁ፤ የሁለቱን ቀን ድካም ግን ልጠይቀው አፍሬ ተውሁት።