መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኮቪድን ሕግ ለምን አላከበሩም?

እህቴ፣ «የተማሩ ልጆች ሆነው ግቢ ውስጥ ማስክ ለምን አያደርጉም ነበር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ችግሩ የእውቀት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተገኘ በኋላ ትምህርት ተቋረጠ፤ ተማሪውም ወደየቤቱ ተላከ። በ2013 ሲመለስ ሕጉን በቃሉ ያውቀው ነበር።

ግን ዶርሙን አስቢው። ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ ከማን ይርቃል? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የካፌው ሰልፍም የጋራ ነው። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ብቻ ይቀራል። ከቤት በሚላክለት ትንሽ ብር ለሚኖር ልጅ በየቀኑ ማስክ መግዛት ከባድ ነው። ስለዚህ አንዱን ለቀናት የሚያደርገው ብዙ ነበር። በር ላይ ጥበቃው ሲያይ ይደረጋል፣ ዶርም ሲገባ ይወልቃል። አብሯቸው ከሚበላና ከሚያድር ጓደኛ ፊት መሸፈን ለብዙዎች ትርጉም አልሰጣቸውም። ይሄ ይገባኛል።

የማይገባኝ ቤተሰብ ጋ ሲሄዱም እንደዚያው መሆናቸው ነው። ወጣቱን እንደ ጉንፋን የሚያልፈው በሽታ አያቱን ሊገድል ይችላል። ይህን ደጋግሞ የነገራቸው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ቁጣና ማስጠንቀቂያ ነበር። ወደፊት ተመሳሳይ ነገር ከመጣ፣ ግቢዎች ከቅጣቱ በፊት ውሃ፣ ሳሙናና ነፃ ማስክ ያቅርቡ ባይ ነኝ።