ሌክሰስ ኢኤስ 350 ወይስ 300ኤች? ሁለቱንም ከነዳ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያገለገለ የ2019 ሌክሰስ ኢኤስ ልትገዢ ነው። አንዱ ሻጭ ቤንዚኑን 350 ይዞልሻል፣ ሌላው ሀይብሪዱን 300ኤች፣ ቤንዚን ሞተርም ኤሌክትሪክ ሞተርም ያለውን። የቱን ልውሰድ፣ የሀይብሪዱ ባትሪስ አያስፈራም ወይ፣ ጎማውስ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ይሁን ባለ 19 ነው ያልሽው። ከስር የተሰጡሽን መልሶችም አየሁ። ግማሹ "ሀይብሪድ እንዳትነኪ" ይላል። ግማሹ "በዚህ ዘመን ቤንዚን?" ብሎ ይስቃል። አብዛኞቹ አንዱንም ነድተው አያውቁም ብዬ ብወራረድ አልበላም።

እኔ መጀመሪያ 350 ነበረኝ። አሁን የምነዳው 300ኤች ነው። ስለዚህ ከኪሴ ከፍዬ ያወቅኩትን ልንገርሽ። የት የት እንደምትነጂ አልጻፍሽም። እንደኔ ጠዋትና ማታ የመኪና ሰልፍ ውስጥ የምትውይ አድርጌ ነው የምመልስልሽ።

1. የነዳጁን ነገር በአንድ ቁጥር አትወስኚ

ሻጭ የሚነግርሽ አማካዩን ነው። አማካይ ደግሞ ያታልላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2019ኙ ሞዴል ያወጣውን ቁጥር ወደ ሊትር ብትቀይሪው፣ ከተማ ውስጥ 350ው በ100 ኪሎ ሜትር 10.7 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 300ኤቹ 5.5። ግማሽ በይው። አውራ ጎዳና ላይ ግን 350ው ወደ 7.1 ይወርዳል፣ 300ኤቹ 5.2 ላይ ነው። ልዩነቱ ጠበበ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሀይብሪዱ የሚያተርፈው ፍሬን ስትይዢና ስትቆሚ ነው። ፍሬን ስትይዢ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፣ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ሞተሩ ይጠፋል። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ ስትሄጂ የሚመለስ ነገር ብዙም የለም።

በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ እንበል። ሁሉም ከተማ ውስጥ ከሆነ 780 ሊትር ይተርፍሻል። ሁሉም አውራ ጎዳና ከሆነ 285 ብቻ። የሁለቱን መኪና የዋጋ ልዩነት ለአንድ ሊትር ዋጋ አካፍይው። የሚወጣው ቁጥር እስክታካክሺ ድረስ ስንት ሊትር መቆጠብ እንዳለብሽ ይነግርሻል። ይህን ሳይሠሩ "ሀይብሪድ ያዋጣል" ማለት ዓይንሽን ጨፍኚ ላሙኝሽ ነው።

2. ጉልበቱ

350ው 3.5 ሊትር ቪ6፣ ማለትም ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ 302 የፈረስ ጉልበት፣ 8 ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ። 300ኤቹ 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት፤ ተደምሮ 215። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 350ው 6.6 ሰከንድ፣ 300ኤቹ 8.1 ይፈጅበታል። ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭነሽ ቤንዚን ስትረግጪ ሀይብሪዱ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ያኔ 350ዬ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽሽም። በሰልፍ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሲንፏቀቅ ግን ቅንጡ መኪና ማለት ይሄ ነው እላለሁ። የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነው።

3. ባትሪው

ይሄ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ታገሺኝ።

የ2019ኙ ባትሪ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። 204 ሴሎች ተደርድረው ወደ 245 ቮልት ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ትውልድ ከኋላ ወንበር መደገፊያ ጀርባ ተቀምጦ የዕቃ ቦታ ይበላ ነበር። በዚህኛው ወንበሩ ስር ገብቷል። ሲሠራ ይሞቃል። የሚቀዘቅዘው ደግሞ እናንተ ከምትቀመጡበት ክፍል በሚሳብ አየር ነው። ከኋላ ወንበር ግርጌ የአየር ማስገቢያ አለ። ከጀርባው ማጣሪያ፣ ከዚያ ማራገቢያ። እግር ስር ስለሆነ አቧራው፣ ጸጉሩ፣ የምንጣፉ ብናኝ ሁሉ ጉዞው ወደዚያ ነው። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቦርሳ አስደግፎበት ይሄዳል።

የእኔ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አንድ ቀን ጽሑፍ መጣ። የባትሪው ማቀዝቀዣ ክፍሎች ጥገና ያስፈልጋቸዋል፣ መመሪያውን ይመልከቱ ይላል። ልብ በይ፣ ማቀዝቀዣው ነው ያለው። ባትሪው ሞቷል አላለም።

ሀይብሪድ እንሠራለን ብሎ ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለ ጋራዥ ወሰድኩት። ስሙ ይቅር። መቀበያው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰላምታዬ አየር ላይ ቀረ። ስልኩን እየነካካ "ቁልፉን እዚያ አስቀምጥ" አለኝ። ከሰዓት ስመለስ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። "ባትሪው አልቆለታል። ሙሉው ይቀየራል።" ዋጋውን ሳይ ደሜ ቀዘቀዘ። የምርመራው ውጤት የታለ፣ የብልሽቱን ኮድ አሳየኝ፣ የብሎኮቹን ቮልቴጅ አሳየኝ አልኩት። ብሎክ የሚሉት የባትሪውን ሴሎች ቡድን ነው።

"መካኒክ ነህ?" አለኝ።

አይደለሁም፣ ግን ማንበብ እችላለሁ፣ መኪናው ራሱ ማቀዝቀዣ ነው የሚለው አልኩት። ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ሙድ ያዘብኝ። "መኪናው ከነገረህ እኛ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ?" አለ። ጨጓራዬን ላጠው። ለምርመራው ክፍያ ሲሆን ግን ቀልድ የለም፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቆጥሮ ተቀበለኝ። ለከፈልኩበት ምርመራ አንዲት የታተመ ወረቀት እንኳ አልሰጠኝም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እቤት ገብቼ መመሪያውን አወጣሁ። ማጣሪያው እንዴት እንደሚወጣ ከነሥዕሉ አለ። ባለቤቱ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። መኪናውን አጠፋሁ፣ ክዳኑን ከመያዣው ፈልቅቄ አነሳሁት። ማጣሪያው ላይ አቧራው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተደራርቧል። ጫፉን በጣቴ ይዤ ስስበው ሳይበጠስ እንዳለ ተገፎ ወጣ። ከስሩ የሂሳብ ደረሰኝ ቁራጭ ተለጥፏል። በአቧራ መምጠጫ አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። በኋላ ማራገቢያውን ደግሞ አንድ ረጋ ያለ መካኒክ አውርዶ ጠረገልኝ፣ የብሎኮቹንም ንባብ አሳየኝ፣ ጤነኛ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የመጣው ጽሑፍ ጠፋ። አልተመለሰም። እስከ ዛሬ በዚያው "አልቆለታል" በተባለው ባትሪ ነው የምነዳው። ያንን ሰውዬ መንገድ ላይ ባገኘው መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልለው።

ስለዚህ አንቺም እንዲህ ነው የሚገጥምሽ። ባትሪውን ሳይሆን ጋራዡን ፍሪ። መኪናውን ከመግዛትሽ በፊት ሀይብሪድ የሚያውቅ፣ የሚያነበውን የሚያሳይ ሰው በአካባቢሽ መኖሩን አረጋግጪ። ከሌለ 350ውን ውሰጂ፣ ቀሪውን አታንብቢ።

ባትሪ አይሞትም እያልኩሽ ግን አይደለም። ያረጃል፣ በተለይ በሙቀት። አምራቹ በአሜሪካ ለ2019ኙ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና ነበር የሚሰጠው። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አሳደገው። የማያምንበትን ነገር እንዲህ አይፈርምም። አንቺ የምታዪው መኪና ግን ያገለገለ ነው፣ ዋስትናውም እንደተሸጠበት አገር ይለያያል። ስለዚህ ሻጩን አትስሚ፣ መኪናውን ስሚ።

እንዴት ብትይ፣ መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖ ሄደሽ አስነሺው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ጠርጥሪ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሰልፍም ዳገትም ያለበት መንገድ ንጂው። ስክሪኑ ላይ የባትሪውን መጠን እያየሽ ሂጂ። ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ማለት ጤና ነው። ሞልቶ ታይቶ ወዲያው ባዶ፣ ወዲያው ሙሉ የሚሆን ከሆነ ሴሎቹ ደክመዋል። ከዚያ መመርመሪያ መሣሪያ ይሰካ። የብሎኮቹ ቮልቴጅ ሲነዳም ሲቆምም ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ጉልበት ሲጠየቅ ብቻውን ዝቅ የሚል ከሆነ በሽታው እሱ ጋ ነው። ኮዶቹ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተሰርዘው እንደሆነም መሣሪያው ይናገራል፣ ጠይቂ።

ከዚያ የኋላ ወንበሩን አስነሺው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። ጎርፍ የገባበት መኪና ምንጣፉ ቢታጠብም የወንበሩ ብረት ስር ዝገትና ጭቃ ይቀራል። በ350 ላይ ጎርፍ መጥፎ ዜና ነው። በ300ኤች ላይ ባትሪው ያለው እዚያው ስለሆነ ጥለሽው ሂጂ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ካየሽ ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ የባለሙያ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሀይብሪዱ እንደማንኛውም መኪና ሌላ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ እሱ ከሞተ መኪናው ዝግጁ የሚለውን ምልክት አያበራም፣ ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው ያኔ ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ይደነግጣል፣ አንዳንድ ጋራዥም በድንጋጤው ይነግድበታል። መጀመሪያ ትንሹን አስለኪ።

4. ኤሲውን ማንም እንዳይነካብሽ

የሀይብሪዱ ኤሲ ኮምፕረሰር ቺንጊያ የለውም። በከፍተኛው ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ውስጡ የሚገባው ዘይት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት፣ ኤንዲ-11 የሚሉት ዓይነት። ለቤንዚን መኪና የሚጠቀሙበት ፓግ የተባለው ዘይት ጥቂት እንኳ ቢቀላቀልበት የኮምፕረሰሩ መከላከያ ይበላሻል፣ መኪናው የኤሌክትሪክ መፍሰስ አለ ብሎ ሊቆምብሽ ይችላል። ጋዝ ሲሞላልሽ አጠገቡ ቁሚ። ኮፈኑ ስር ያለውን ተለጣፊ አሳዪው። "ሁሉም አንድ ነው" ካለሽ ቁልፍሽን ተቀበዪው።

5. ቤንዚኑም ጻድቅ አይደለም

350 ቀላል ነው፣ ማንም ይሠራዋል ይሉሻል። ማንም ይነካዋል፣ እሱ ልክ ነው። ግን ቪ6ቱ በአግድም ነው የተቀመጠው። ስድስት ካንዴላ አለው፣ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ላይ ለመድረስ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መውለቅ አለበት። የ300ኤቹ አራት ካንዴላዎች ከላይ ሆነው ይታያሉ። ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የዲናሞ ቺንጊያ 350 ላይ አሉ፣ 300ኤች ላይ የሉም። የማይኖር ዕቃ አይበላሽም። ፍሬን ሸራም ሀይብሪዱ ላይ በጣም ይቆያል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚያቆምሽ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ካምቢዮውም ፍሪሲዮንና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፣ ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። ይህን ሁሉ "ሀይብሪድ ውስብስብ ነው" የሚሉሽ ሰዎች አይነግሩሽም።

እና የቱ? የምትነጂው እንደኔ ከሆነ 300ኤቹ፣ የብሎኮቹ ንባብ እስከተስተካከለ ድረስ። ሻጩ መሣሪያ አይሰካም ካለ አትከራከሪው፣ 350ውን ሄደሽ እዪ። ቅዳሜና እሁድ ረጅም መንገድ የምትሄጂ፣ በሥራ ቀን መኪናዋን የማታነሺ ከሆነም 350።

ስለ ጎማው፣ 17ቱን ያዢ። መጠኑ 215/55 ነው፣ ጎኑ ወፍራም ነው፣ ጉድጓድ ይችላል። 19ኙ 235/40 ነው፣ ጎኑ ቀጭን ነው። ያምራል፣ ግን ቸርኬውን እያስቀናሽ ትኖሪያለሽ። ልትሄጂ ስትይ የመኪናውን ኪሎ ሜትርና የአገልግሎት መዝገቡን ፎቶ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።