ቻርጅ የተሸከሙ ቀለበቶችና አሮማቲክነት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአሮማቲክነት፣ ማለትም አንዳንድ የአቶም ቀለበቶች ኤሌክትሮኖቻቸውን በዙሪያቸው ተጋርተው በሚያገኙት የተለየ መረጋጋት ዙሪያ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ብቻ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ሳይክሎፔንታዳይን አሮማቲክ አይደለም፤ አንድ ፕሮቶን አጥቶ ኔጌቲቭ ሲሆን ግን አሮማቲክ ይሆናል ተብለን ተማርን። ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ካርቦን ይበልጥ ያልተረጋጋ መሆን አልነበረበትምን?» (የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ ቻርጁ በአንድ ካርቦን ላይ ብቻ ቢከማች ኖሮ ጥርጣሬዎ ትክክል በሆነ ነበር። ሳይክሎፔንታዳይን ባለ አምስት ካርቦን ቀለበት ነው፤ ፕሮቶኑ ከመነሳቱ በፊት ከአምስቱ ካርቦኖች አንዱ በአራት ነጠላ ትስስሮች የተያዘ በመሆኑ የፓይ ኤሌክትሮኖች (ከቀለበቱ ገጽ በላይና በታች ሆነው በካርቦኖቹ መካከል የሚጋሩት) ዑደት እዚያ ላይ ይቋረጣል። ፕሮቶኑ ሲሄድ ትቷቸው የሚቀሩት 2 ኤሌክትሮኖች ከነበሩት 4 ጋር ሆነው 6 ይሞላሉ፤ ዑደቱም ይገጥማል፤ ቻርጁም ለአምስቱ ካርቦኖች እኩል ይዳረሳል። ኤሪክ ሁከል እ.ኤ.አ. በ1931 ባቀረበው ስሌት መሠረት አንድ ጠፍጣፋና ዑደቱ ያልተቋረጠ ቀለበት የተለየ መረጋጋት የሚያገኘው የፓይ ኤሌክትሮኖቹ ቁጥር 2፣ 6፣ 10፣ 14 እያለ በ4 በ4 ከሚጨምረው ተርታ ውስጥ ሲውል ነው። የሳይክሎፔንታዳይን ፒኬኤ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፕሮቶን መልቀቅ እንደሚቀል የሚያሳይ መለኪያ) 16 ገደማ ሲሆን፣ ፕሮቶኑን ሲያጣ 8 ኤሌክትሮን የሚኖረው ባለ ሰባት ካርቦኑ ሳይክሎሄፕታትራይን ግን ከ30 በላይ ነው፤ ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ሆነው ሳለ ይህን ያህል መራራቃቸው እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ «ተማሪዎቼ ኔጌቲቭ ቻርጅ አሮማቲክ ያደርጋል፣ ፖዘቲቭ ያፈርሳል ብለው በቃላቸው ይዘዋል። እንዴት ላርማቸው?» (የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ከጂሬን)

መልስ፦ ከቻርጁ ምልክት በፊት ኤሌክትሮኖቹን እንዲቆጥሩ ያድርጓቸው። ባለ ሰባት ካርቦኑ ትሮፒሊየም ፖዘቲቭ ነው፤ 6 ኤሌክትሮን ስላለው አሮማቲክ ነው፤ ብሮማይዱም እንደ ጨው በውሃ ይሟሟል። ባለ ሦስት ካርቦኑ ሳይክሎፕሮፔኒል ፖዘቲቭ ሆኖ 2 ኤሌክትሮን ይዞ አሮማቲክ ሲሆን፣ ባለ አምስቱ ቀለበት ፖዘቲቭ ሲሆን ግን 4 ብቻ ስለሚቀሩት እጅግ ያልተረጋጋ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «በቡና ውስጥ ያለው ትራይጎኔሊን ናይትሮጅኑ ፖዘቲቭ ነው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ቀለበቱ አሮማቲክ ሊባል ይችላልን?» (ቡና ቀማሽ)

መልስ፦ አዎን፣ ይችላል። በኬሚስትሪ አሮማቲክ ማለት እርስዎ በየዕለቱ የሚመዝኑት መዓዛ ማለት እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ላሳስብ፤ ስያሜው የመጣው መጀመሪያ ከታወቁት የዚህ ወገን ውህዶች ብዙዎቹ ሽታ ስለነበራቸው ነው።

በጥሬ የአረቢካ ቡና ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው ትራይጎኔሊን፣ ናይትሮጅኑ ላይ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) የተጨመረበት የፒሪዲን፣ ማለትም የአምስት ካርቦንና የአንድ ናይትሮጅን ቀለበት ነው። የፒሪዲን ናይትሮጅን ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮኖች በቀለበቱ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ወደ ውጭ ያመለክታሉ፤ ከፓይ ዑደቱም ውስጥ አይቆጠሩም። ሜቲሉ የተያያዘው በእነዚህ ስለሆነ ናይትሮጅኑ ፖዘቲቭ ቢሆንም 6ቱ አልተነኩም። የአራት ካርቦንና የአንድ ናይትሮጅን ቀለበት የሆነው ፒሮል ግን ከዚህ ይለያል፤ የናይትሮጅኑ ጥንድ ከ6ቱ መካከል ስለሆነ ጠንካራ አሲድ ሲያገኘው ፕሮቶኑን የሚቀበለው በካርቦኑ በኩል ነው፤ አሮማቲክነቱንም ያጣል። ፒሪዲን ቤዝ (ፕሮቶን ተቀባይ) ሆኖ ሳለ ፒሮል እጅግ ደካማ ቤዝ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቡናው ሲቆላ ከትራይጎኔሊኑ ከፊሉ ሜቲሉን አጥቶ ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ይሆናል፤ ከፊሉ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ፖዘቲቭ ቻርጁን እንደያዘ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ቀለበቱ እንደ ምጣዱ ሙቀት ባለ ሙቀት ውስጥ አልፎ አሮማቲክነቱን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ «አንድ ቀለበት ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ መሸከም ይችላልን?» (ስማቸውን ያልገለጹ)

መልስ፦ ባለ ስምንት ካርቦኑ ሳይክሎኦክታቴትራይን ይችላል። 8 ኤሌክትሮን ይዞ ጠፍጣፋ መሆን ስለማይመቸው እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል፤ ከፖታሲየም ብረት 2 ኤሌክትሮን ተቀብሎ 10 ሲሞላለት ግን ይዘረጋል፣ የትስስሮቹም ርዝመት እኩል ይሆናል።