ታሪካችንን ስንት ጊዜ እንንገር?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ትዳር ከያዝን 15 ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ሲጨነቅ ልጆቹን ይዤ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄድኩ። ባለቤቴ አሮጊት እናቱን ጥሎ መውጣት አልሆነለትምና ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው። ያየውን አይናገርም። ትልቁ ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፤ ትምህርቱንም ጠልቷል።

ዘመድ ጠቁሞን ቤተሰብ የሚያማክር አንድ ድርጅት ሄድን። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ትባረክ፣ ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት እሷ ፊት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ስንሄድ «ለቃለች» ተባልን። የተተካው ልጅ «እስኪ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አለን። ነገርነው። እሱም ሁለት ወር ሳይሞላው ሄደ። ሦስተኛዋ ያንኑ ስትጠይቀን ባሌ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። «ለመጣው ሁሉ ቁስሌን ስገልጥ ልኖር ነው?» አለኝ። በዚያ ላይ ተራ የምትጠራው ልጅ ሰው በሞላበት «ልጁ የሚባንነው!» እያለች ትጣራለች። እንተወው ወይስ እንታገሥ? ምን ይሉኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ያላት ቃል ላይ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ቆምኩ። እኔም ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢሮ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥለው ከሄዱት አንዷ ነኝ።

ቢሮአችን ሁለት ክፍል ነበረች። መሀሉ የተከፈለው በችፑድ ስለሆነ፣ የውስጡ ወሬ ደጅ ለተቀመጠው እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍተን ነበር የምንሠራው። በቀን እስከ 6 ቤተሰብ አያለሁ። ማስታወሻ የምጽፈው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው፤ ደክሞኝ ያልጻፍኩባቸው ቀኖችም አሉ። ያ ዛሬም ይቆጨኛል። ያልጻፍኩት ነገር እኔ ስሄድ አብሮኝ ሄዷል። ቀጥሎ የመጣው ሰው «ከመጀመሪያው ንገሩኝ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

ሥራው በፕሮጀክት ነው፤ ኮንትራቱ የ6 ወር። ሪፖርቱ የሚጠይቀን ስንት ሰው እንዳገለገልን ነው። ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ እንደ ጨረሰ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። ባለሙያ ሲቀየር አዲስ ፋይል ይከፈታል፤ ያው ቤተሰብ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሠራተኛውም የዚሁ አገር ሰው ነው። በጦርነቱ ቤቱ የተዘረፈ ሰው ቀኑን ሙሉ የሌላውን ዘረፋ ሲሰማ ይውላል። እሱን ደግሞ የሚሰማው፣ በሙያው ሱፐርቪዥን የሚባለው ነገር፣ ለእኛ አልነበረንም። ጥሩዎቹ ቶሎ የሚሄዱት ሥራውን ስለጠሉ አይምሰልሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሐርቡ በሚኒባስ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ እናት ነበሩ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ለደንበኞች እንዳትነግሪ፣ ይቀራሉ» ተባልኩ። እሺ አልኩ። ሰኞ ሲመጡ ወንበሬ ባዶ ነበር። ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኛ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ራሳቸውን ሲጠይቁ ከርመዋል።

ስለዚህ አትተዉት። ግን ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ለሦስተኛዋ ባለሙያ እንዲህ በያት፦ «ፋይላችንን አንብቢ፤ የገባሽን አንቺ ንገሪን፤ የጎደለውን እኛ እንሞላለን።» ይህን ብታዪው ቀላል ነው፤ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ባለቤትሽ ከመናገር በፊት እንደተሰማ ያውቃል። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ኃላፊውን ጠይቂ፤ የቀድሞዋ ባለሙያ በእናንተ ፈቃድ ለአዲሷ በስልክም ቢሆን ልታስረክባት ትችላለች። ኮንትራቷ መቼ እንደሚያልቅም ጠይቂያት። ነውር አይደለም። ተራ ጠሪዋን በተመለከተ፣ በቁጥር እንድትጠራችሁ ለኃላፊው ንገሪ። ምስጢር የሚጀምረው ከደጃፉ ነው።

ባለቤትሽን ጎትተሽ አትውሰጂው። እሱ የሸሸው ድግግሞሹን እንጂ ሕክምናውን አይመስለኝም። አንዴ አልቅሷል እኮ።

ልጁን ደግሞ «ችግሩ እሱ ነው» ብላችሁ አታቅርቡት። ሙሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከታማሚዎቹ ጋር ወላጆቻቸውን ጭምር ሆስፒታል አስገብቶ ያጠና ነበር። ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚያክመው የቤተሰብ ቴራፒ ከተነሣባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሐሳቡም የአንዱ ሕመም የቤቱን ሁሉ ኑሮ ይነካል፣ ቤቱም ሕመሙን ይነካዋል። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አበጋር፣ ማለትም የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ የሁለቱም ወገን ዘመድ አብሮ ይቀመጣል። አባቱ ያላወራውን ነገር ልጁ ሌሊት እየጮኸ ሊሆን ይችላል። መባነኑ ካልቀነሰ ግን ከምክሩ ጎን ለጎን ሐኪም ይየው።

ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መጠየቅም ግዴታዬ ነው። ቤት ውስጥ ዱላ አለ? ካለ ለምክሩ ከእሱ ጋር አብረሽ አትቀመጪ። ባለሙያዋን ብቻሽን እንድታይሽ ንገሪያት። እሱ ፊት የተናገርሽው ቤት ስትገቢ ዋጋ ሊያስከፍልሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወልድያ የማማከር አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። ኃላፊዬ «ለጋሾች ሊጎበኙ ስለሆነ የሦስት ቤተሰብ ስምና ፎቶ አዘጋጅ» አለኝ። እምቢ ብል ኮንትራቴ አይታደስም ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ደሞዝ ነው። ግን አትስጥ። ታሪኩ የቤተሰቡ ነው፤ አንተም ድርጅቱም አደራ ጠባቂ ናችሁ። ለኃላፊህ በጽሑፍ መልስ፦ ስምና ፎቶ በሌለበት፣ ሰፈርና ሥራም ተቀይሮ የአሠራራችንን ምሳሌ አዘጋጃለሁ በል። ፈቃድ ጠይቅ ከተባልክም፣ ያ ቤተሰብ «እምቢ ካልኩ አገልግሎቱ ይቀርብኛል» ብሎ እሺ እንደሚል አስብ። እንዲህ ያለ እሺታ ፈቃድ አይባልም።

ኮንትራትህ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ለቤተሰቦቹ ከአሁኑ ንገራቸው። እኔ አልነገርኩም።