የፓስተን ቤተሰብ የዘር ሐረግ፦ ከአራሽ እስከ ኧርል (ጥያቄና መልስ)

ፓስተን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ፣ ባሕሩ ጥግ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በስሟ የሚጠሩት ባላባቶች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ስለተረፉ፣ የእነሱን ያህል ከነገበናው የሚታወቅ የእንግሊዝ የገጠር ባላባት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤተሰብና በጠቅላላው የእንግሊዝ ባላባት የዘር ሐረግ እንዴት እንደሚጣራ የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ በሰነድ የሚያዘው ከማን ጀምሮ ነው? ስንት ትውልድስ ዘለቀ?

መልስ፦ በ1419 ከሞተው ከክሌመንት ፓስተን ጀምሮ ነው። ባላንጣ የጻፈው አንድ ማስታወሻ ክሌመንትን ተራ ገበሬ ያደርገዋል፦ ዓመቱን ሙሉ ከማረሻ የማይለይ፣ እህሉን ጭኖ እላዩ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ወፍጮ የሚወርድ ሰው። መሬቱ ከ100 እስከ 120 ኤከር ነበር፤ በሄክታር ከ40 እስከ 49 ገደማ ማለት ነው። ከዚያም ብዙው ነፃ መሬት አልነበረም፣ የጊሚንግሃም ጌታ ይዞታ ነበር። በተረፈ አንዲት ትንሽ የውሃ ወፍጮ ነበረችው። ይህ ሰው ግን ልጁን ዊልያምን ተበድሮ አስተማረ፤ የሚስቱ ወንድም ጄፍሪም፣ ሕግ አዋቂ ነበርና፣ አገዘው። ዊልያም በ1429 የንጉሡ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ቤቱ የቆመው በዚያ ብድር ላይ ነው።

ሐረጉ እንዲህ ይወርዳል፦ ክሌመንት፣ ዳኛው ዊልያም (1378–1444)፣ ጆን 1ኛ (1421–1466)፣ ጆን 3ኛ (በ1504 የሞተው)፣ ሰር ዊልያም (በ1554 የሞተው)፣ ኢራስመስ፣ ሰር ዊልያም (1528–1610)፣ ክሪስቶፈር፣ ኤድመንድ፣ ሰር ዊልያም (በ1663 የሞተው)፣ ሮበርት፣ ዊልያም። ሮበርት በ1679 የያርመዝ ኧርል (ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ተባለ፤ ልጁ ዊልያም በ1732 ወራሽ ወንድ ልጅ ሳይተው ሲሞት ማዕረጉ ጠፋ። አሥራ ሁለት ትውልድ ማለት ነው። ኢራስመስ ላይ ተጠንቀቁ፦ በ1540 ከአባቱ ቀድሞ ስለሞተ ርስቱ ከአያት በቀጥታ ለልጅ ልጅ አለፈ። የወራሾችን ዝርዝር ብቻ የሚከተል ሰው እሱን ዘሎ አያትን አባት ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ጠላት የጻፈውን ለምን እናምናለን? ንጉሡ ራሱ የጥንት ጨዋ ዘር ናቸው ብሎ መስክሮላቸው የለም?

መልስ፦ መስክሯል። በሐምሌ (ጁላይ) 1466 ኤድዋርድ 4ኛ፣ ፓስተኖች እንግሊዝ በኖርማኖች ከተያዘችበት ከ1066 ጀምሮ ከተከበረ ዘር በቀጥታ የወረዱ ናቸው ብሎ አወጀ። ለምን በዚያ ዓመት እንደሆነ ካላየን ግን ወረቀቱ ያታልለናል። ሰር ጆን ፋስቶልፍ የሚባል ልጅ ያልወለደ ሀብታም ወታደር በ1459 ሲሞት፣ ጆን 1ኛ የኬስተርን ግንብና ሌላውን ርስት ለእኔ ተናዞልኛል አለ። ተቀናቃኞቹ ብዙ ነበሩ። በእንግሊዝ ሕግ ነፃ ያልሆነ ገበሬ ንብረቱ የጌታው ነውና፣ «አያትህ ከመሬት ጋር የታሰረ ገበሬ ነበር» የሚል ክስ ከስድብ ያለፈ ነገር ነበር፤ ከተረጋገጠ ርስት ያስነጥቃል። ጆን 1ኛ በግንቦት 1466 ሞተ፤ ልጆቹ የማኖር (ባለቤቱ ችሎት የሚያስችልበትና ግብር የሚቀበልበት ይዞታ) ችሎት መዝገብና የርስት ሰነድ ለንጉሡ አቅርበው ነፃ የወጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ሰነዶች ጥቅም አለባቸው። እኔ የማመዝነው ወደ ባላንጣው ማስታወሻ ነው፤ የመሬቱን ስፋት፣ የማኖሩን ስም፣ የወፍጮውን ዓይነት፣ የሚስቲቱን ወንድም ጭምር በስም ይጠራል፤ እነዚህን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቃቸው ነገሮች ነበሩ። የንጉሡ አዋጅ ደግሞ ከ1066 እስከ ክሌመንት ያለውን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሻገራል። በየትኛውም የባላባት የዘር ሐረግ ላይ ይህንኑ ጠይቁ፦ በዚህ ትውልድ የትኛው መሬት ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ወረቀቱስ የታለ? መልስ የሌለበት ቦታ ላይ ሐረጉ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የዘር ሐረጉ ላይ ጆን 2ኛና ጆን 3ኛ ወንድማማች ናቸው። ስህተት አይደለም?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። ሁለቱም የጆን 1ኛና የማርጋሬት ሞትቢ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በ1442፣ ሌላው በ1444 ተወለዱ፣ ሁለቱም አድገው ጎልማሳ ሆኑ። ቁጥሩን የሰጧቸው የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ናቸው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚለዩት፣ ታላቁ በ1463 ፈረሰኛ ስለተሾመ «ሰር» እየተባለ፣ ሌላው ራሱን «ታናሹ» እያለ ስለሚፈርም ነው። ታላቁ ሳያገባ በ1479 ሞተና ርስቱ ለታናሹ አለፈ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ስም ሲይዙ የመጀመሪያው በሕፃንነቱ ሞቷል ብሎ ይሰርዘዋል። ያ ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ ግን የቀብር መዝገብ ሳታዩ ማንንም አትግደሉ።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዎቹ ቀን የላቸውም፤ «ከቅዱስ ሚካኤል በኋላ ባለው ረቡዕ» ዓይነት ነገር ብቻ ነው። እንዴት ይፈታል?

መልስ፦ ቀን አላቸው፤ የአጻጻፉ ልማድ ነው የሚለየው። ዕለትን በበዓል መጥራት ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ አማርኛ አንባቢ ቶሎ ይይዘዋል። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የበዓሉ ቀን፣ የንጉሡ ዘመን መቁጠሪያ፣ የሳምንቱ ቀን።

«በኤድዋርድ 4ኛ በ9ኛው ዓመት፣ ከቅዱስ ሚካኤል በኋላ ባለው ረቡዕ» የሚል አገኛችሁ እንበል። የኤድዋርድ ዘመን ከማርች 4 ቀን 1461 ይቆጠራል፤ ስለዚህ 9ኛው ዓመት ከማርች 4 ቀን 1469 እስከ ማርች 3 ቀን 1470 ነው። የእንግሊዝ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ይውላል። በ1469 ያ ቀን ዓርብ ነበር። ቀጣዩ ረቡዕ ኦክቶበር 4 ቀን 1469 ይሆናል። ከዘመናዊው አቆጣጠር ጋር ማስተካከል አይገባም፤ በጁሊያን አቆጣጠር እንዳለ ይጻፋል።

ሌላው ወጥመድ የዓመቱ መጀመሪያ ነው። እስከ 1752 በእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25፣ በብሥራት ዕለት ነበር (በጁሊያን አቆጣጠር የእኛው መጋቢት 29 ማለት ነው)። ጋብቻ በጁን 1640፣ የልጅ ክርስትና በፌብሯሪ 1640 ተመዝግቦ ብታዩ፣ ልጁ ከጋብቻ በፊት አልተወለደም፤ ያ ፌብሯሪ በእኛ ቆጠራ 1641 ነው። «1640/41» ብላችሁ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ርስቱ እንደ እኛ ለወንድም ለሴትም ይከፋፈል ነበር?

መልስ፦ አይከፋፈልም፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። በአማራው አገር ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠራል፣ ተወላጅ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። በእንግሊዝ ባላባት ዘንድ መሬቱ በአብዛኛው ለበኩር ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ መበለቲቱ በሕይወቷ ሙሉ ሲሶውን ትይዛለች፤ ሌሎቹ ወንዶች ጥብቅና፣ ክህነት ወይም ንግድ ይገባሉ፤ ሴቶቹ ጥሎሽ ይዘው ይዳራሉ። ወንድ ልጅ ከሌለ ግን ሴቶቹ እኩል ይካፈላሉ። የእናት ወገን ሐረግ ያን ያህል የሚመረመረው ለዚህ ነው፤ ማርጋሬት ሞትቢ የአባቷ ወራሽ ስለነበረች የፓስተኖችን መሬት አሰፋችው። ማኖር የሚሉት ይዞታ ከርስት ይልቅ ለጉልት ይቀርባል።

ወራሽ ሲጠፋ የቤተሰብ ስም ራሱ ይለወጣል። በሃምፕሸር በቾተን መንደር ኤድዋርድ ኦስተን የናይት ቤተሰብን ርስት ወርሶ በ1812 ስሙን ናይት አደረገ። ስሙን ብቻ እየተከተላችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ ወላጆቹ ወዳልሆኑ ሰዎች ትደርሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ማርጀሪ የምትባለው ልጅ ከዘር ሐረጉ ላይ ለምን ትቀራለች?

መልስ፦ የርስታቸውን ምስለኔ፣ ሪቻርድ ኮልን፣ በ1469 በምስጢር በቃል ኪዳን ስላገባች። ወንድሟ ጆን 3ኛ፣ እህቱ በፍራምሊንግሃም ሻማና ሰናፍጭ እንድትሸጥ በፍጹም እንደማይፈቅድ ጻፈ፤ የኮል ወገኖች ባለሱቆች ነበሩ። የኖርዊች ጳጳስ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቆ ቃል ኪዳኑ የጸና ሆኖ አገኘው፤ ማርጋሬት ግን ልጇን ቤቷ እንዳትገባ አስከለከለቻት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላም የቤቱ ሠራተኛ ሆኖ ቀጠለ፤ ያለ እሱ ሒሳቡን የሚይዝላቸው አልነበረም። በባላባት ቤተሰብ በተዘጋጀ ሐረግ ላይ «ያለ ልጅ ሞተች» የሚል ወይም ጨርሶ የተዘለለ ሴት ልጅ ካለ የእናቲቱን ኑዛዜ ፈልጉ። ማርጋሬት በ1484 ከመሞቷ በፊት በተናዘዘችው ላይ ለማርጀሪ ልጅ ገንዘብ ትታለች።

ጥያቄ፦ አንድ መንደር ይዘን ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ሂዱ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት የተጀመረው በጁላይ 1837 ነው። የሕዝብ ቆጠራ ስም በስም የሚገኘው ከ1841 ጀምሮ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ከ15 በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ወደ ታች ወደ 5 ብዜት ስለተጠጋ፣ 34 የሞላው ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። ከ1837 በፊት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ትዕዛዙ የወጣው በ1538 ቢሆንም ብዙ መንደር ዘንድ የተረፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1660 ክፍተት ጠብቁ። መዝገቡ ከተበላሸ በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ የሚላከውን ግልባጭ ፈልጉ።

ለባላባት ግን ዋናው ኑዛዜ ነው። ከ1858 በፊት በደቡብ እንግሊዝ የባለጠጋ ኑዛዜ የሚጸድቀው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነበር፤ ቅጂዎቹ በለንደን ኪው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ኑዛዜ ስታነቡ ዝምድና የሚገልጹ ቃላትን በዛሬው ትርጉም አትውሰዱ። «ከዝን» ማንኛውም ዘመድ ነው፤ «ወንድሜ» የእህት ባል ሊሆን ይችላል፤ በላቲን «ኔፖስ» የወንድም ልጅም የልጅ ልጅም ነው። የ«ሚስስ» ማዕረግ የሴቲቱን ደረጃ እንጂ ማግባቷን አያረጋግጥም። እስከ 1733 የፍርድ ቤት መዝገብ በላቲን ስለሆነ መሠረታዊ ቃላቱን መያዝ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ጋሻ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ለሁለት የተከፈለ ጋሻ ባልና ሚስት ነው፤ ለሚመለከተው ሰው በግራ ያለው የባል፣ በቀኝ ያለው የሚስት። ሚስቲቱ ወራሽ ከሆነች አርማዋ በመሐል በትንሽ ጋሻ ይቀመጣል፣ ልጆቿም ለአራት ከፍለው ከአባታቸው አርማ ጋር ይይዙታል። ጨረቃ ሁለተኛ ልጅ፣ ኮከብ ሦስተኛ ልጅ ነው። ለሟች በሚሰቀለው ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ጀርባው ግማሹ ብቻ ጥቁር ከሆነ፣ በጥቁሩ በኩል ያለው ሞቷል፣ ሌላው በሕይወት ነበር።

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ ነው። የባለቤቴ ወገኖች ፓስተን ይባላሉ፣ የኧርሎቹ ዘር ነን ይላሉ። በዲኤንኤ ይጣራል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ርቀት ላይ ተራው የዲኤንኤ ምርመራ አይደርስም። የአባት መሥመሩ ምርመራ ደግሞ የሚረዳው የሚነጻጸርበት በሰነድ የተረጋገጠ ወንድ ተወላጅ ካለ ብቻ ነው። ስሙ ራሱም ማስረጃ አይሆንም፤ ከመንደሯ የወጣ ማንኛውም አናጺ ወይም እረኛ ፓስተን ሊባል ይችል ነበር። በ1732 የጠፋው ማዕረጉ ነው፤ ከታናናሽ ልጆች የወረደ ቅርንጫፍ መኖሩ አይከለከልም። ከባለቤትሽ አያት ጀምረሽ ወደ ኋላ አጣሪ፤ ከኧርሎቹ ወደ ታች አትውረጂ፣ ወደምትፈልጊው ሰው ያደርስሻልና።

ጥያቄ፦ ዛሬ ፓስተን ብንሄድ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ ሰር ዊልያም በ1581 ያሠራው ትልቅ ጎተራ በሣር ክዳኑ አሁንም ቆሟል። በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በ1629 የሞተችው የካትሪን ፓስተን ሐውልት አለ፤ ኒኮላስ ስቶን የቀረጸው ነው። ከዚያ በባክተን በኩል የብሮምሆልም ገዳም ፍርስራሽ ይገኛል፤ ጆን 1ኛ በ1466 የተቀበረው እዚያ ነው። ደብዳቤዎቹን ለማየት ግን ወደ ለንደን መሄድ ነው፤ አብዛኞቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።