ከጭን የተወሰደ ሥጋ እግር ላይ ይይዛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ታላቅ ወንድሜን በአጋሮ መንገድ ሞተር ገጭቶት ቅልጥሙ ተሰበረ። አጥንቱ እስካሁን እንደተገለጠ ነው። ከጭኑ ሥጋ ከነደም ሥሩ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይሰፋለታል ተባልን። ዕድሜው 52 ነው። ስኳር አለበት፣ ያጨሳል፣ ከሰዓት በኋላም ይቅማል። ይይዝለት ይሆን?

መልስ፦ ፈጣሪ ይማርልዎ። አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ልምድ ባላቸው ማዕከሎች ከ100 ታካሚ 95 ገደማ ይሳካል፤ እግር ላይ ግን ከሌላው ቦታ ትንሽ ይከብዳል። ዕድሜው አያስፈራኝም። የሚያሳስበኝ የደም ሥሩ ነው።

የሚሰፋው የደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ደም ከረጋ የተተከለው ሥጋ ይሞታል። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠባል፣ ጭሱ ደግሞ ቁስሉን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ከቀዶ ሕክምናው 4 ሳምንት ቀድሞ ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ ግን የተገለጠ አጥንት ብዙ ከቆየ ይመረቅዛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያቁም። ታላቅዎ ነውና «ተው» ማለቱ እንደሚከብድዎ ይገባኛል። ቢሆንም ይንገሩት።

ጫቱንም አይደብቅ። «ቅጠል እኮ ነው» ብለው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ሥር ያኮማትራል፣ ግፊትም ይጨምራል። ቀዶ ሐኪሙም ማደንዘዣ ሰጪውም ማወቅ አለባቸው። ቡናም ለጊዜው ይቅር ካሉት፣ ጠያቂ ጀበና ይዞ እንዳይመጣ አደራ።

ስኳሩን በተመለከተ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠራ። ስኳር ከፍ ካለ ቁስል በቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም ይበረታል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ናቸው። ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ ሥጋውን በጣት ጫን ያደርጉታል። ደህና ከሆነ ነጣ ይልና ወዲያው ቀለሙ ይመለሳል። እግሩን ከአልጋ ቁልቁል አያንጠልጥል፤ ያብጣል። ሥጋው ገርጥቶ ከቀዘቀዘ ደም እየገባ አይደለም ማለት ነው። ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ካበጠ ደግሞ የገባው ደም መውጫ አጥቷል። ያኔ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን ነርሷን ይጥሩ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ከተከፈተና የረጋው ደም ከወጣለት፣ ብዙ ጊዜ ሥጋው ይተርፋል።